ቀሪው ኪሎ ሜትር ለምን ቶሎ ያልቃል? የኤሌክትሪክ መኪና የባትሪ ጌጅ አነባበብ

ጥያቄ፦ «መኪናዬ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዓይነቱ ኤልኤፍፒ (የሊቲየም፣ የብረትና የፎስፌት ባትሪ) እንደሆነ መመሪያ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል። ስገዛው አንዴ ከሞላ 500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብዬ ነው። ባትሪው እንዳይጎዳብኝ ብዬ ላለፉት አራት ወራት ከ80 ከመቶ አሳልፌ ቻርጅ አድርጌው አላውቅም። 80 ሲደርስ ዳሽቦርዱ 400 ኪሎ ሜትር ያሳያል፤ ሰፊው አውራ ጎዳና ላይ 100 ኪሎ ሜትር ስነዳ ግን ከማሳያው ላይ 150 ይቀነሳል። ይባስ ብሎ ባለፈው ሳምንት 22 ከመቶ የነበረው፣ 10 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳልሄድ 11 ሆነ። ያየው መካኒክ አንድ ሞጁል (የባትሪው አንዱ ክፍል) ደክሟል፣ ይቀየር አለኝ። ባትሪው እየሞተ ነው?»

ምላሽ፦ እዚህ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ተቀላቅለዋል። 100 ኪሎ ሜትር ሲነዱ 150 መቀነሱ ስለ ባትሪው ጤና የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚናገረው ስለ ፍጥነትዎና ስለ ፋብሪካው መለኪያ ነው። ከ22 ወደ 11 ዘሎ መውረዱ ግን ከባትሪው ጋር ይገናኛል። እሱም ቢሆን በዚህ ዓይነት ባትሪ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የደከመ ሞጁል ሳይሆን ለወራት ሙሉ በሙሉ አለመሞላቱ ነው። ሞጁል የሚያስቀይር ማስረጃ እስካሁን የለዎትም፤ ስለዚህ ምንም ገንዘብ አይክፈሉ።

ከኪሎ ሜትሩ እንጀምር። በብዙ መኪኖች ማሳያው በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ዓይነት በፋብሪካ የተወሰነ ቋሚ ቁጥር ይዞ በባትሪው መቶኛ ያባዛል። የእርስዎ እንደዚህ ያለ ነው፤ 500 በ80 ከመቶ ሲባዛ 400 ይሆናል። ዳገት ቢወጡ፣ 120 ቢነዱ፣ አራት ሰው ከነሻንጣው ቢጭኑ ማባዣው አይለወጥም። ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ በቅርብ የነዱትን ርቀት አማካይ ፍጆታ ይወስድና «በዚሁ ከቀጠሉ ይህን ያህል ይሄዳሉ» ይላል። ይኼኛው ብልህ ይመስላል፤ ነገር ግን ወደፊት የሚጠብቅዎትን መንገድ አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ከተማ ውስጥ በዝግታ ከነዱ በኋላ አውራ ጎዳና ሲገቡ መጀመሪያ ብዙ ያሳይና በየደቂቃው ይቀንሳል። ረጅም ቁልቁለት ሲወርዱ ደግሞ ጭራሽ እየጨመረ ይሄዳል። በሁለቱም ዓይነት የሚያዩት ኪሎ ሜትር ትንበያ ነው። የተለካ መጠን አይደለም።

500 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? መኪኖች የሚለኩት ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ሮለር ላይ ቆመው፣ በተወሰነ የፍጥነት ቅደም ተከተል ነው። ቅደም ተከተሉ ደግሞ እንደ አገሩ ይለያያል። በቻይና የሚሠራበት ሲኤልቲሲ የሚባለው አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍተኛው 114 ነው። በአውሮፓ ከ2017 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ደብሊውኤልቲፒ አማካዩ 46.5፣ ከፍተኛው 131 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ኤሌክትሪክ መኪና በዝግታ ሲሄድ ብዙም ስለማይበላ፣ አንዱ መኪና በሲኤልቲሲ ሲለካ ከደብሊውኤልቲፒ የበለጠ ርቀት ይወጣለታል፤ የአሜሪካው ኢፒኤ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። 60 ኪሎዋት ሰዓት ለ500 ኪሎ ሜትር ሲካፈል በ100 ኪሎ ሜትር 12 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። መካከለኛ መኪና በከተማ ፍጥነት፣ በለዘብተኛ የአየር ሁኔታ ይህን ሊያገኝ ይችላል። በ110 አውራ ጎዳና ላይ አያገኘውም።

እርስዎ የጻፉትን እናስላው። ማሳያው 150 ኪሎ ሜትር ከቀነሰ፣ ከ500ው 30 ከመቶውን ወስዷል። የ60 ኪሎዋት ሰዓት 30 ከመቶ 18 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የፈጀው 18 ነው። ለአውራ ጎዳና ፍጥነት ይህ ጤናማ ፍጆታ ነው፤ መኪናው ሥራውን በአግባቡ እየሠራ ነው ማለት ነው። በዚህ ፍጆታ ሙሉው ባትሪ የሚወስድዎት 333 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጠፋ 167 ኪሎ ሜትር የለም፤ ድሮም እዚያ መንገድ ላይ አልነበረም።

ፍጥነት ይህን ያህል የሚጎዳው አየሩ መኪናውን የሚቋቋምበት ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ ነው። ከ80 ወደ 110 ሲያሳድጉ ፍጥነቱ የጨመረው በሲሶ ገደማ ነው፤ አየሩ የሚገፋዎት ኃይል ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ 1.9 ጊዜ ይሆናል። በቤንዚን መኪና ይህ ልዩነት ያን ያህል አይታይም፤ ምክንያቱም ሞተሩ በዝግታ ሲሄድም አብዛኛውን ነዳጅ በሙቀት መልክ ይጥለዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያባክነው ጥቂት ስለሆነ የመንገዱና የአየሩ ጭነት በሙሉ በቀጥታ ጌጁ ላይ ይነበባል። ከቤንዚን የመጣ አሽከርካሪ «ከተማ ውስጥ ይበላል፣ አውራ ጎዳና ላይ ይቆጥባል» የሚለውን ልማድ ይዞ ስለሚመጣ ግራ ይጋባል። እዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የመኪናው ጣሪያ ላይ የታሰረ ዕቃ ካለ ደግሞ የባሰ ነው፤ ባዶ መደርደሪያውም ቢሆን የማይፈለግ ከሆነ ይነሳ። የጎማ ንፋስም በየወሩ ይለካ።

ዳገት ሌላው ሰው የሚሸበርበት ነገር ነው። 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪናን 1,000 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 4.9 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። በሞተርና በማርሽ የሚባክነው ሲታከል 5.5 ገደማ ይደርሳል፤ ከእርስዎ ባትሪ 9 ከመቶ መሆኑ ነው። ይህ ለርቀቱ ከሚወጣው ውጪ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ የተወሰነውን ይመልሳል፤ ግማሹን ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይጠብቁ እንጂ ሁሉንም አይጠብቁ። ሲወርዱ የጨመረው ኪሎ ሜትር የእውነትም የተገኘ ነው፤ ነገር ግን ሜዳው ላይ ሲደርሱ በአማካይ ፍጆታ የሚሠራው ማሳያ ያንኑ ቁልቁለት የሚቀጥል አስመስሎ ስለሚያሰላ መልሶ ይወርዳል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ወይም በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ ይህ የሞተር ፍሬን ይደክማል፤ ባትሪው የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ እንደልቡ መቀበል ስለማይችል ነው። በሞላ ባትሪ ከኮረብታ ላይ የሚነሱ ከሆነ እግርዎን ከፔዳሉ ሲያነሱ መኪናው እንደወትሮው ባይያዝልዎት አይደንግጡ፤ የእግር ፍሬኑ ይሠራል፤ ቀደም ብለው ይርገጡት።

ማቀዝቀዣና ማሞቂያ የሚበሉት በሰዓት እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም። ማቀዝቀዣው 1.5 ኪሎዋት እየወሰደ ነው እንበል። በሰዓት 100 እየነዱ ከሆነ 100 ኪሎ ሜትሩን በአንድ ሰዓት ይጨርሱታልና ጭማሪው 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በትራፊክ መጨናነቅ በሰዓት 20 የሚሄዱ ከሆነ ግን ያው ርቀት አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ጭማሪው 7.5 ይሆናል። ማሞቂያ ከዚህም ይከፋል። ሂት ፓምፕ (ሙቀትን ከውጭ አየር የሚስብ ቆጣቢ ማሞቂያ) የሌለው መኪና በብርድ ሲነሳ ለማሞቂያው ብቻ ከ3 እስከ 5 ኪሎዋት ሊወስድ ይችላል። አጭር አጭር ጉዞ እያደረጉ በየመሀሉ ካቆሙት ይህን ወጪ በየጉዞው ይደግሙታል። መኪናው ገመድ ላይ እያለ የመኪናውን ውስጥ አስቀድሞ ማሞቅ ወይም ማቀዝቀዝ ከሁሉ የተሻለው ዘዴ ነው፤ ኃይሉ ከባትሪው ሳይሆን ከግድግዳው ይመጣል። ባትሪው ራሱም ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ኃይል ለጊዜው ይቀንሳል። ሲሞቅ ይመለሳል፤ እርጅና አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ፦ ከ22 ወደ 11።

መቶኛው ከኪሎ ሜትሩ የተሻለ ቢሆንም እሱም እንደ ነዳጅ ተንሳፋፊ በቀጥታ የሚለካ አይደለም። ባትሪ ውስጥ የቀረውን ኃይል የሚያይ መሣሪያ የለም። የባትሪው ተቆጣጣሪ ኮምፒውተር፣ ቢኤምኤስ የሚባለው፣ በሁለት መንገድ ይገምተዋል። አንደኛው የገባውንና የወጣውን ከረንት እየደመረና እየቀነሰ መቁጠር ነው። ይህ ለአጭር ጊዜ በጣም ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጥቃቅን የመለኪያ ስህተቶች ከቀን ወደ ቀን እየተጠራቀሙ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሁለተኛ ማመሳከሪያ ያስፈልጋል፤ እሱም ባትሪው ሲያርፍ የሚታየው የሴሎቹ፣ ማለትም ባትሪው የተሠራባቸው ትንንሽ ባትሪዎች፣ ቮልቴጅ ነው።

የባትሪው ዓይነት ወሳኝ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ኒኬልና ኮባልት ባለበት ኤንኤምሲ ባትሪ ቮልቴጁ ከ90 ወደ 20 ከመቶ ሲወርድ በአንድ ሴል ግማሽ ቮልት ገደማ ይቀንሳል። ቢኤምኤሱ ቮልቴጁን አይቶ የት እንዳለ በቀላሉ ይናገራል። በኤልኤፍፒ ግን በዚያው ርቀት ልዩነቱ 0.1 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ከፍታ መለኪያ ብቻ ይዞ ሰፊ ሜዳ የሚያቋርጥ ሰው መሀል ሜዳ ላይ የት እንደደረሰ ማወቅ እንደማይችለው ሁሉ፣ ቢኤምኤሱም ከ20 እስከ 90 ባለው ክልል ውስጥ ከቮልቴጁ የሚማረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ቮልቴጁ በግልጽ የሚለወጠው ጫፎቹ ላይ ነው፦ ሊሞላ ሲል ሽቅብ ይወጣል፣ ሊያልቅ ሲል ቁልቁል ይወርዳል።

እርስዎ ለአራት ወር ከላይኛው ጫፍ አስቀርተውታል። ቢኤምኤሱ በእነዚያ ወራት በሙሉ በቆጠራ ብቻ እየሠራ ነበር፤ ስህተቱ ተጠራቀመ። ማሳያው 22 ሲል እውነተኛው ምናልባት 14 ወይም 15 ነበር። ወደ ታችኛው ጫፍ ሲቀርቡ ቮልቴጁ መውረድ ጀመረ፣ ኮምፒውተሩ ስህተቱን አየ፣ ቁጥሩን በአንድ ጊዜ አረመው። በ18 ኪሎዋት ሰዓት ፍጆታ 10 ኪሎ ሜትር መፍጀት የነበረበት 3 ከመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው 8 ከመቶ እርማት ነው። የወጣ ኃይል አይደለም።

«80 ላይ አቁም» የሚለው ምክር ውሸት አይደለም፤ ለኤንኤምሲ የተነገረ ነው እንጂ። ሞልቶ መቆየት ኤንኤምሲን በተለይ በሙቀት ቦታ ያስረጀዋል፤ ለእሱ 80 አካባቢ ትክክለኛ የዕለት ልማድ ነው። ሞልቶ መቆም ለኤልኤፍፒም ቢሆን ደግ አይደለም፤ ነገር ግን ጉዳቱ ያነሰ ነው፣ ጌጁ የተሳሳተበት መኪና መንገድ ላይ ከሚያቆምዎት ደግሞ በእጅጉ ይሻላል። ለዚህም ነው ኤልኤፍፒ የሚጠቀሙ አንዳንድ አምራቾች በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ እስከ 100 መሙላትን የሚመክሩት። የእርስዎ መመሪያ መጽሐፍ ከዚህ የተለየ ቁጥር ካለው እሱን ይከተሉ።

ስለዚህ በቅደም ተከተል እንዲህ ያድርጉ። በዝግተኛው ቻርጀር፣ ማለትም እንደ ቤት ሶኬት በተለዋዋጭ ከረንት (ኤሲ) በሚሠራው፣ ገደቡን 100 ላይ አድርገው ይሰኩት። ማሳያው 100 ሲል አይንቀሉ። ሴሎቹን እኩል እንዲሞሉ የሚያስተካክለው ሥራ የሚካሄደው መጨረሻው ላይ ስለሆነ መኪናው ራሱ «ተጠናቋል» ብሎ እስኪያቆም ይጠብቁ። ከወራት በኋላ የሚደረገው የመጀመሪያው ሙሉ ቻርጅ 99 ወይም 100 ላይ ረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ፈጣኑ የዲሲ ቻርጀር ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ከ80 በኋላ በጣም ይዘገያል፣ ወረፋ ያስይዛል፣ ለሴል ማስተካከያውም ጊዜ አይሰጥም። ሲሞላ በዚያው ቀን ቢነዱት ይመረጣል፤ በጠራራ ፀሐይ 100 እንደሆነ ለቀናት አያቁሙት። ይህንን በየሳምንቱ፣ ለሦስት ሳምንት ይድገሙት። ባትሪውን ዜሮ አድርጎ «ማስተካከል» የሚሉትን ግን አይሞክሩ፤ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። የ12 ቮልቱን ባትሪ ፈትቶ መመለስም የሴሎቹን ሁኔታ አይለውጥም፤ ኮምፒውተሩ የተማረውን ሊያስረሳው ግን ይችላል።

ማሳያውን ከኪሎ ሜትር ወደ መቶኛ ይለውጡት። አብዛኞቹ መኪኖች ይፈቅዳሉ፤ ባይፈቅድ እንኳ ዓይንዎን መቶኛው ላይ ያኑሩ። ከዚያ የራስዎን ቁጥር ይያዙ። አንድ ከመቶ ለእርስዎ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ18 ፍጆታ 3.3 ኪሎ ሜትር ይወስዳል፤ ከተማ ውስጥ ፍጆታው 13 ከሆነ 4.6 ይደርሳል። ለረጅም መንገድ ከ100 ተነስተው 12 ከመቶ ይዘው ለመድረስ ካቀዱ የሚጠቀሙት 88 ከመቶ ነው፤ 290 ኪሎ ሜትር። መንገድ ላይ በፈጣን ቻርጀር ከ10 እስከ 80 እየሞሉ የሚሄዱ ከሆነ በሁለት ቻርጅ መሀል 230 ይሆናል። የመኪናዎ አሳሽ ካርታ «ስትደርስ ይህን ያህል ከመቶ ይቀርሃል» የሚል ከሆነ ዳሽቦርዱ ላይ ካለው ኪሎ ሜትር ይልቅ እሱን ይመኑ፤ ዳገቱንና የመንገዱን ፍጥነት ከግምት ያስገባል። ያ ቁጥር እየቀነሰ ከሄደ ወዲያው ፍጥነት ይቀንሱ። ከ110 ወደ 90 መውረድ ማቀዝቀዣውን ከማጥፋት እጅግ የበለጠ ያድናል።

ከዜሮ በታች የተደበቀ መጠባበቂያ አለ የሚባለው በአንዳንድ መኪና እውነት ነው፤ መጠኑ ግን ከመኪና መኪና ይለያያል፣ በብርድም ይቀንሳል። ጌጁ ባልታረመ ኤልኤፍፒ ላይ በእሱ መተማመን አደገኛ ነው፤ 5 ከመቶ የሚለው ማሳያ በእውነቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ዝቅተኛ ቻርጅ ላይ መኪናው ጉልበት ሊቀንስም ስለሚችል እዚያ ደረጃ ላይ ሆኖ ሌላ መኪና ለመቅደም መሞከር ለሕይወት ያሰጋል። ሦስቱ ሙሉ ቻርጆች እስኪጠናቀቁ ድረስ ከ25 ከመቶ በታች ሳይወርዱ ቻርጅ ያድርጉ።

የባትሪውን ጤና ራስዎ መገመት ይችላሉ። ከሦስተኛው ሙሉ ቻርጅ በኋላ የጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ አድርገው በአንድ ቀን ውስጥ፣ ለረጅም ጊዜ ሳያቆሙት፣ ከ100 እስከ 25 ከመቶ ይንዱ። ቆሞ የሚበላው በአንዳንድ መኪና ጉዞ መቁጠሪያ ውስጥ ስለማይገባ ነው ሳያቆሙ የምለው። የፈጀውን ኪሎዋት ሰዓት ለ0.75 ያካፍሉት። 43 ቢወጣ 57.3 ይሆናል፤ ከ60ው 95 ከመቶ ነው፣ መልካም ነው። በብርድ ቀን አይለኩ። ባትሪ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ጥቂት ከመቶ ቶሎ ያጣና ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ 95 ወይም 93 ማየት ለጭንቀት አይዳርግም። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም ይህንኑ ስሌት ቢያደርግ እመክራለሁ፤ በፍጆታ አማካይ የሚሠራ ማሳያ ለጥቂት ቀን በዝግታ ከተነዳ ብዙ ኪሎ ሜትር ያሳያልና የሻጩን ዳሽቦርድ አይቶ መግዛት አይበቃም።

የመካኒኩን ፍርድ በተመለከተ፦ የደከመ ሴል በእርግጥም ድንገተኛ መውረድ ያመጣል። ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ ደካማው ቀድሞ ሲያልቅ ባትሪው በሙሉ እንዳለቀ ይቆጠራል። ነገር ግን ኤልኤፍፒን 50 ወይም 60 ከመቶ ላይ ለክቶ ይህን መለየት አይቻልም፤ እዚያ ላይ ደካማውም ብርቱውም ሴል ተመሳሳይ ቮልቴጅ ያሳያሉ። ማስረጃ የሚሆነው ከ15 ከመቶ በታች ሆኖ፣ አንዴ ባረፈበት፣ አንዴ ደግሞ ጉልበት ሲሰጥ፣ የእያንዳንዱ ሴል ቮልቴጅ ተነቦ አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ለብቻው ሲወርድ ነው። መካኒኩ በስንት ከመቶ ላይ እንደለካው ይጠይቁት።

ከሦስት ሙሉ ቻርጅ በኋላ ዝላዩ ካልተደገመ ጉዳዩ አልቋል፤ ሳምንታዊውን ልማድ ይቀጥሉ። ከተደገመ ወደ አምራቹ ወኪል ይሂዱና ከ15 ከመቶ በታች የተወሰደ የሴል ቮልቴጅ ንባብ በጽሑፍ ይጠይቁ። ብዙ አምራቾች ለባትሪው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፤ የብዙዎቹ ገደብ ባትሪው ከመጀመሪያ አቅሙ 70 ከመቶ በታች መውረዱ ነው፤ የደከመ ሞጁልም በዚያ ውስጥ ሊሸፈን ይችላል። ሌላ ጋራዥ የባትሪውን ሳጥን ከከፈተው ግን ይህ መብት ሊቀር ይችላል። ውስጡ ያለው ቮልቴጅም በብዙ መቶዎች የሚቆጠር፣ ሰው የሚገድል ነው። በጽሑፍ የተሰጠ የሴል ንባብ ሳያዩ ሳጥኑን ለማንም አያስከፍቱ።